ከስንዴው ጋር የተኙት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋቢ አለበሱኝ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ አንዱ ወጣት ሐኪም ተነሥቶ «እትዬ አስካለ የአርሲን ሙታን በሙሉ በክብር ሸኝተዋል» ብሎ ንግግር አደረገ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን በሆዴ «ኧረ ወዲያ!» አልኩ። እኔ ሸኝቼ አላውቅም፤ ሸኚው ዘመድ ነው። እኔ ቆጣሪ ነኝ። ሬሳ ምርመራ ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ያየውን እየጻፍኩ፣ የጻፍኩትን እየቆጠርኩ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ቆጠራ ደግሞ እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! አንዲትን ሴት ከእስር አውጥቷል። ያቺን ሴት እስር ቤት ካስገቧት ሰዎች አንዷ ግን እኔው ነበርኩ፤ ይኼን ንግግር አድራጊው አያውቅም። ዛሬ ጊዜም አለኝ፣ የሚከለክለኝ አለቃም የለም፣ ልናገረው።

ሥራ የጀመርኩት አቦምሳ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። የጭላሎ ብርድ ላሳደገው የአሰላ ሰው አቦምሳ እሳት ነው፤ ላቤ ካርዱ ላይ ጠብ እያለ የሰው ስም ያጠፋብኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ አለቃዬ በሕይወት ካለ ይቀየመኛል። ይኼ ሰውዬ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አይወድም። የሞት መዝገቡ ላይ «ምክንያት» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ካየ ያመዋል። ታዲያ ምን አደረገ? «ያልታወቀ» የሚል ማኅተም አስቀረጸ! ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብሎ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ያደርገዋል። ገጹ ሲሞላ ፊቱ ይፈካል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣም «ንጹሕ መዝገብ» ተብሎ ይመሰገናል። እኔም ለዓመታት ቀለሙን ስሞላለት ኖርኩ።

አሰላ የተመለስኩት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ነው። ያኔ ፖሊስ የሚጠረጥረው ሬሳ ሁሉ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር፤ ቤተሰቡ መኪና ተከራይቶ፣ ቀናት ደጅ ጠንቶ ይመለሳል። ሙስሊሙ በዕለቱ መቅበር ይፈልጋል፤ ክርስቲያኑም ለቀስተኛ ሰብስቦ መጠበቅ ይከብደዋል። ይኼን ፈርቶ ስንቱ ሰው ጥርጣሬውን ዋጥ አድርጎ ቀበረ! በኋላ ለእኛም ሐኪም ተመደበልን፤ ዶክተር አስናቀ፣ የጎጃም ሰው፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ጸሐፊ ሲፈልጉ መዝገብ ቤት ያሉት ሴቶች አማተቡ። እኔ እጄን አወጣሁ። «አንቺ፣ አብደሻል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ለአበሉ ብዬ ነበር፤ አበሉም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ዶክተር አስናቀ ቢላ ከማንሳታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ። ልብሱን፣ ጥፍሩን፣ የጫማውን ሶል ያያሉ። ከዚያ ለሟቹ «ይቅርታ ያድርጉልን» ይላሉ፤ ሟቹ ሕፃን ቢሆንም አንቱ ነው። እኔን ደግሞ «ያየሁትን ጻፊ፤ የገመትኩትን ከጻፍሽ እርሳስሽን እሰብረዋለሁ» ይሉኛል። አዎ፣ በእርሳስ ነው የምንጽፈው። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይለቃል፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ የማይረጥብ ነገር የለም። ሚዛኑን ሲነግሩኝ ጮክ ብዬ መድገም አለብኝ፤ ካልደገምኩ አይቀጥሉም። ሳንባ ሲያነሱ ሚዛን ላይ ሳያደርጉት መዳፋቸው ላይ ትንሽ ያቆዩትና ክብደቱን ይገምታሉ፤ ብዙ ጊዜም አይስቱም። ጨጓራ ሲከፈት ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው ያሸታሉ። «አፍንጫ እግዜር በነፃ የሰጠን ላብራቶሪ ነው» ይላሉ። የተዋጠ መርዝ የየራሱ ሽታ አለው፤ የነቀዝ ክኒን የተበላሸ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩና ከበሩ ላይ ሆኜ መለየት ጀመርኩ።

ከሁሉ በላይ ግን ሦስት ጥያቄ ነበራቸው። ሬሳው ሳይነካ ቤተሰቡ ይጠየቃል፦ የት ተኛ? ከማን ጋር ነበር? መጨረሻ ምን ቀመሰ? ችግሩ፣ ዶክተሩ ኦሮምኛ አይችሉም፤ «አካም» ብለው ሰላምታ ይጀምሩና እዚያው ያልቅባቸዋል። እኔ ደግሞ ከኦሮሞ ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ፣ ውሃ ተራጭቼ ያደግሁ ነኝ። ስለዚህ በር ላይ ወጥቼ ቤተሰቡን የማናግረው፣ ገብቼም የምነግራቸው እኔ ነኝ። «አስካለ፣ አንቺ ጆሮዬ ነሽ» ይሉኝ ነበር። እንዴት እኮራ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ቆጠራውን የጀመርኩት በራሴ ነው። ዓመት ያለፈባቸው የግድግዳ ካላንደሮች ጀርባ ላይ፣ በሙጫ አያይዤ፣ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ሠራሁ። ዓምድ አሰመርኩ፦ ምን ገደለው፣ በየትኛው ወር፣ ከየት መጣ። አራት ጭረት፣ አምስተኛው አጋድሞ። ስም የለም፤ ከጎኑ የመዝገብ ቁጥር ብቻ። ዶክተሩ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ሲያዩት ቆመው ቀሩ።

«ይኼን ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ማንም ቢያዝሽ እንዳታቆሚ!»

ምን ወጣ መሰላችሁ! እስቲ ጎረቤታችሁን ጠይቁት፣ ሰውን ምን ይገድለዋል? ጥይት፣ ጩቤ፣ ጠላት ይላችኋል። ወረቀቴ ግን ሌላ አለ። መንገድ ነው! አይሱዙ፣ ሚኒባስ፣ ሞተር። የመንገዱ ጭረት ዓምዱን ጨርሶ ሌላ ካላንደር አስቀጠለኝ። በሰው እጅ ከሞቱትም ውስጥ ጩቤና ጥይት ከዱላ ኋላ ነው የሚሰለፉት። በዱላ ከሞቱት ደግሞ ብዙዎቹ በገበያ ቀን ጭንቅላታቸውን ተመትተው፣ «ምንም አልሆንኩም» ብለው በእግራቸው ቤታቸው ገብተው፣ ተኝተው ያልነቁ ናቸው። ይኼን ዶክተሩ ሲያዩ ወረቀቱን ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደህና ነኝ ቢልም ተኝቶ ይጠበቅ ተባለ። አንድ ጎረምሳ እንደዚያ ሲጠበቅ ራሱን ሳተ፤ በጊዜ ተደረሰለትና ተረፈ። እሱን ስሰማ ሬሳ ክፍል በር ላይ ቆሜ እልል አልኩ! ሬሳ ክፍል በር ላይ እልልታ! ጽዳቷ መጥረጊያዋን ጥላ ሮጠች።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልግባ።

አንድ ጥር ላይ፣ ስንዴ ታጭዶ፣ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ከሳጉሬ ገጠር ዘይነባ የምትባል ወጣት እናት ሞታ መጣች። ማታ ደህና ነበረች፤ ጠዋት ክፍሏ ሲከፈት ሞታ ተገኘች። ባሏ ከድር ለንግድ ወጥቶ እቤት አልነበረም። ፖሊስ ነገሩ ስላልገባው ላካት። በር ላይ ዘመድ ሞልቷል፤ «ጀምበር ሳትጠልቅ እንቅበራት!» እያለ ይጮኻል። እኔም እንደ ልማዴ ወጥቼ የዘይነባን እናት፣ አዴ ሙሚናን፣ ያዝኩ። አዴ ሙሚና ሐዘን እንደሰበረው ሰው ከጥንቱ ጀምረው ያወራሉ። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ሠርጓ፣ ሁለቱ ልጆቿ ያን ዕለት እሳቸው ጋ ስለማደራቸው። በመሃል እንዲህ አሉ፦

«ስንዴውን ሌባ እንዳይወስደው ብላ ከስንዴው ጋር ነው የተኛችው፣ ልጄ። ከማዳበሪያው ሥር አልጋ ዘርግታ።»

ማዳበሪያ ስንል እኛ አገር ከረጢቱን ነው፤ ማዳበሪያ የመጣበት ኬሻ እህል ይሞላበታል። ሰማኋቸው። በደንብ ሰማኋቸው። ግን ከኋላዬ ይገፉኛል፣ «ቶሎ በይ እንጂ!» ይሉኛል፣ አሮጊቷም አልጨረሱም። ትቻቸው ገባሁ።

«የት ነው የተኛችው?» አሉ ዶክተሩ።

«ቤቷ፣ አልጋዋ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን።»

«መጨረሻ ምን ቀመሰች?»

«እራት፤ እናቷ ቤት፣ ከልጆቿ ጋር አንድ ላይ።»

ውሸት አልነበረም። ቅጹ ላይም «የሞተችበት ቦታ» ይላል እንጂ አጠገቧ ምን እንደነበረ አይጠይቅም። ዶክተሩ ሳንባዋን መዳፋቸው ላይ አቆዩት። «ከብዷል፤ ውሃ ሞልቶታል» አሉ። ልቧ ደህና፣ ጨጓራዋ ሽታ የለው። ብዙ ቆሙ። እንደገና ዞሯት። በመጨረሻ፣ ሳይወዱ በግድ፣ «ያልታወቀ» ብለው አስጻፉኝ። ጭረቴን አሰመርኩ፤ ዘይነባም በዕለቱ ተቀበረች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ዓመት ዞረ። ከድር ጫልቱ የምትባል ልጅ እግር ሴት አገባ። ስንዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የዘይነባ ልጅ፣ የስድስት ዓመቱ አብዲ፣ ሞቶ እኛ ጋ መጣ። ጫልቱ ደግሞ ታሰረች። ነገሩ እንዲህ ነው። እንግዳ መጥቶ ቤቱ ሲጠብ ጫልቱ ልጁን «እዚያ ይሞቀዋል» ብላ ጓዳ አስተኛችው። ሲነጋጋ «ትንፋሽ አጠረኝ» እያለ አስመለሰው፤ ወተት ሰጠችው። ረፋድ ላይ ሞተ። አለቀ! የእንጀራ እናት፣ ወተት፣ የሞተ ልጅ። ለወሬ የለው ፍሬ ይላሉ፤ ይኼኛው ግን ሰው የሚያሰቅል ፍሬ አፈራ። አዴ ሙሚና ራሳቸው በራችን ላይ ቆመው ደረታቸውን ይደቃሉ። «ያ ረቢ! ልጄን አንተ ወሰድካት፤ የልጄን ልጅ ግን ይቺ ናት የወሰደችብኝ!» ያን ቀን ብጠይቃቸውም ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ዶክተሩ ልጁን «ይቅርታ ያድርጉልን» አሉት። ጨጓራው ውስጥ የረጋ ወተት ነበር። ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው አሸተቱ፤ ወተት ብቻ ነው የሚሸተው። ሳንባውን መዳፋቸው ላይ ሲያስቀምጡ ቀና ብለው አዩኝ።

«አስካለ፣ ይኼን ሳንባ ከዚህ በፊት ይዤዋለሁ» አሉ።

ውጤቱን ሊወስድ የመጣው መርማሪ ኢንስፔክተር ግርማ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። «ዶክተር፣ እርስዎ ጨጓራው ንጹሕ ነው ቢሉኝ፣ ዐቃቤ ሕጉ አለመሽተቱ መርዝ የለም ማለት አይደለም ይለኛል» አለ። «ያልታወቀ ብለው ከላኩልኝ ደግሞ ይቺ ልጅ ገባች ማለት ነው። ሰፈሩ በሙሉ መስካሪ ነው። ለሷ የሚናገር አንድ ወረቀት የለም።»

«ሁለት ቀን ስጠኝ» አሉት።

እኔ ወደ ወረቀቴ ሮጥኩ። በእውነት ሮጥኩ፣ በዚያ ጉልበቴ! «ያልታወቀ» የሚለውን ዓምድ ብቻ ይዤ እያንዳንዱን ጭረት በየወሩና በየመጣበት አገር በተንኩት። በዕድሜ የገፉትን፣ የቆየ ሕመም ያለባቸውን አወጣሁ። ጤነኛ ወጣቶችና ልጆች ቀሩ። የመንገድ ሞት ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የዱላው ገበያን ይከተላል። እነዚህ ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ ተከምረዋል! ደግሞስ ከየት? ከሳጉሬ፣ ከጎበሳ በኩል፣ ከደጋው ሁሉ። ከአቦምሳ በኩል ግን አንድም የለ! «ሞት ደግሞ ወር ይመርጣል እንዴ?» ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ። አቦምሳን አውቀዋለሁ፤ ሙቀት ስለሆነ ሰው መስኮት ደፍኖ አይተኛም። ደጋ ግን ቀዳዳው ሁሉ በላስቲክ ይጠቀጠቃል። ታዲያ በጥር ወር፣ በደፈነ የደጋ ቤት ውስጥ፣ ምን አለ?

ስንዴ! ድሮ የደጋ ገበሬ እህሉን ደጅ ጎተራ ነበር የሚያስቀምጠው። አሁን ዋጋ እስኪወጣ ሌባ ይፈራና ቤቱ ውስጥ ይከምረዋል፤ ነቀዝ እንዳይበላበትም በየማዳበሪያው የነቀዝ ክኒን ይጥልበታል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኘው ጋዝ ይተፋል። ነቀዙን የሚፈጀው እሱ ጋዝ ነው። ሰው ደግሞ ሳይውጠው ተንፍሶት ብቻ ይሞታል፤ ጨጓራው ምንም አይሸትም፣ ሳንባው ግን ውሃ ይሞላል። ይኼን ከዶክተሩ ተምሬዋለሁ፤ ግን ከእህል ጓዳ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ወዲያው የአዴ ሙሚና ድምፅ መጣብኝ፤ ከስንዴው ጋር ነው የተኛችው። አብዲ የተኛበትም ያው የስንዴ ጓዳ ነው!

አልዋሻችሁም፤ የእናትየዋን ነገር ልደብቀው አሰብኩ። ወሩንና አገሩን ብቻ ባሳይ ዶክተሩ ቀሪውን ይደርሱበታል፤ እኔም ጎበዝ እባላለሁ፤ አሮጊቷ የነገሩኝንም ማንም አያስታውስ። ግን የአንድ ቤት ሁለት ሰው ከአንድ ክምር ሥር ተኝተው መሞታቸው ነው ጫልቱን የሚያወጣት። ዘይነባ ስትሞት ጫልቱ እዚያ ቤት አልገባችም ነበራ!

«ዶክተር» አልኩ፣ «እናትየዋም ከስንዴው ጋር ነበር የተኛችው። በዚያን ቀን አሮጊቷ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልነገርኩዎት።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋዋናቸው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በጮኹብኝ። «ብሰማ ኖሮ ያን ክፍል አስከፍት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ዶክተሩ ተነሡ። «በኋላ ታለቅሻለሽ። አሁን ሳጉሬ እንሄዳለን።»

ከላብራቶሪ ሲልቨር ናይትሬት የሚባል ፈሳሽ ወሰዱ። ነጭ ወረቀቶች ነከሩበትና ብርሃን እንዳያገኛቸው በካርቶን ሸፍነው ያዙ። «የክኒኑ ጋዝ ካለ ይጠቁራል፤ ከሌለ ነጭ እንደሆነ ይወጣል» አሉኝ። ኢንስፔክተር ግርማ ልጁ የሞተ ዕለት መርዝ ይገኝበታል ብሎ ጓዳውን ቆልፎ በማኅተም አሽጎት ነበር። እግዜር ይስጠው! ያ ማኅተም ባይኖር ክፍሉ ተናፍሶ ምንም አናገኝም ነበር።

እዚያ ስንደርስ መንደሩ ተሰብስቧል። ዶክተሩ ማንም እንዳይጠጋ አሉና አንዱን ወረቀት ማድ ቤቱ ጨለማ ጥግ ሰቀሉ። ሌላውን ረጅም ዱላ ጫፍ ላይ አስረው፣ በሩን ስንጥቅ ብቻ አስከፍተው፣ ወደ ጓዳው አስገቡትና መልሰው ገርበብ አደረጉት። ጠበቅን። ከድር ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሏል።

«ኢንስፔክተር፣ አንተው አውጣው» አሉ ዶክተሩ።

አወጣው። ጥቁር! ድስት ቂጥ ሆኗል! የማድ ቤቱ ወረቀት ሲመጣ ነጭ ነው። «ጠቆረ! ጠቆረ!» እያልኩ በአማርኛም በኦሮምኛም ጮኽኩ፤ ዘለልኩም መሰለኝ። ከዚያ የከድርን ፊት አየሁና አፌን ያዝኩ።

«ክኒኑን የጣልኩት እኔ ነኝ» አለ ከድር። «አምናም፣ ዘንድሮም። ሻጩ አንድ ጣል ቢለኝ ነቀዙ እንዳይቀር ብዬ ሦስት ጣልኩ። ሰው ይነካል ያለኝ የለም።» ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ዶክተሩ አስተያየታቸውን ጻፉ። የእናትየዋን መዝገብ፣ የሁለቱን ሳንባ ክብደት፣ ሁለቱን ወረቀቶች፣ ከዚያም የኔን ካላንደር ግልባጭ አያያዙ። የእኔንም ቃል፣ ምን እንደሰማሁና ምን እንዳላደረስኩ፣ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ዐቃቤ ሕጉ ካላንደሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በጣቱ ጥርን፣ ከዚያ ደጋውን እየተከተለ ብዙ ጊዜ አየው። ክሱን ዘጋው። ቅጻችን ላይም «በተኛበት ክፍል ውስጥ ምን ነበር?» የሚል መስመር ተጨመረ። ስንዴ ሲገባ ደግሞ የጤና ሠራተኞች በገበያው ዞረው ክኒኑ ካለበት ክፍል ውስጥ ሰው አይተኛ እያሉ ይለፍፋሉ፤ የጥር ጭረቴ ሲሳሳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጫልቱ የምትፈታ ዕለት ማንም ሳያዘኝ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ሄድኩ። አዴ ሙሚና ቀድመውኛል፤ የሦስት ዓመቷን የአብዲን እህት፣ ሐዊን፣ አዝለዋል። ሊሰድቧት ይሆን የመጡት ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም ተጠጋሁና በኦሮምኛ ነገርኳቸው። ስለ ዘይነባ ነግረውኝ እንደነበር፣ እኔ ቸኩዬ ለሐኪሙ እንዳላደረስኩት።

ብዙ አዩኝ። «ያኔ ብትናገሪ አብዲ ይኖር ነበር?»

«አዎ፣ ይኖር ነበር።»

«ለአላህ ሰጥቼሻለሁ» አሉኝ። ይቅር ማለታቸው ይሁን መርገማቸው አልጠየቅኩም፤ እስከ ዛሬም ከሆዴ አልወጣም።

በሩ ተከፈተና ጫልቱ ወጣች። ከስታለች፤ ሻሿ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። አዴ ሙሚናን ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ከግንቡ ተለጠፈች። አሮጊቷ አንቀልባውን ፈቱ። ሕፃኗን አውርደው፣ ሄደው፣ ጫልቱ ክንድ ላይ አስቀመጧትና ለሐዊ በኦሮምኛ፦

«እናትሽ መጣችልሽ» አሏት።